የልጃችን ልደት፣ በቤታችንና በአቅማችን

በክሊኒኩ የመጠባበቂያ ክፍል ለተገኙ እናቶችና አባቶች የተደረገ ንግግር

ወረፋችሁ እስኪደርስ ድረስ ጥቂት ላጫውታችሁ ነው የመጣሁት። ይህን ንግግር በኋላ በጽሑፍ የምታነቡትም ምናልባት ካርዳችሁን ይዛችሁ እዚሁ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ይሆናልና፣ ከፊታችሁ ቆሜ እንደምናገር አድርጋችሁ ቁጠሩት። የዛሬው ርእሳችን በሽታም መድኃኒትም አይደለም፤ የልጆች ልደት ነው። “ልደት ደግሞ የክሊኒክ ጉዳይ ሆነ እንዴ?” የምትሉ አትጠፉም። እኔም አንድ ሰሞን እንዲያ ባልኩ ነበር።

ይህን ርእስ ያስመረጠችኝ እናንተ በተቀመጣችሁበት የተቀመጠች አንዲት እናት ናት። ልጇን አዝላለች፤ ፊቷ በደስታ በርቷል። “ዕቁቤ ወጣልኝ፤ የዚህን ልጅ አንደኛ ዓመት አድምቄ አከብርለታለሁ” አለችኝ። “ዕቁቡን የገባሽው ለልደቱ ብለሽ ነው?” ብዬ ጠየቅኋት። ዝም አለች። ቆይታ፣ “ለቤት ኪራይና ለንግዴ መነሻ ነበር፤ ግን ሰው ምን ይለኛል?” አለች። እኔ ያን ዕለት ልመክራት አፍ አልነበረኝም፤ ምክንያቱም እኔም ያንኑ አድርጌ አውቃለሁ።

የመጀመሪያ ልጄ ዓመት ሲሞላት የምንኖረው ከአውቶቡስ ተራ ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ በአንዲት ክፍል ነበር። ባለሦስት ፎቅ ኬክ አዘዝኩ፤ ቪዲዮ የሚያነሣ ሰው ተከራየሁ፤ ስልሳ ሰው ጠራሁ። ገንዘቡ ሲደመር የሦስት ወር የቤት ኪራይ ሆነ። ልጄ ምን አደረገች መሰላችሁ? በሰው ብዛት ደንግጣ አለቀሰች፤ ከዚያም ሻማው ሳይበራ በአክስቷ ትከሻ ላይ ተኛች። በቪዲዮው ላይ ኬኩን የሚቆርሱት ትላልቆቹ ናቸው፤ የግቢው ልጆች ደግሞ በር ላይ ተደርድረው ወደ ውስጥ ያያሉ፤ መግቢያ ቦታ የለማ! በሳምንቱ ሕፃኗ ሳንባዋን ታመመችና መድኃኒት መግዣ ከጎረቤት ተበደርኩ። ያን ቪዲዮ እስከ ዛሬ ደስ ብሎኝ አይቼው አላውቅም።

ታዲያ ልደት አታክብሩ ልላችሁ አይደለም። ወላጆቻችን አላከበሩትም፤ እነሱ የሚያውቁት ሌላ ነበር። ክርስቲያኑ ወንድ ልጁን በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጁን በ80 ቀኗ ክርስትና ያነሣል፤ ሙስሊሙ በሰባተኛው ቀን አቂቃ ያወጣል። ከዚያ በኋላ የተወለዱበትን ቀን የሚቆጥርላቸው አልነበረም። “የተወለድኩት ጣሊያን በገባ በዓመቱ ነው” ወይም “ለሚካኤል ሦስት ቀን ሲቀረው ነው” የሚሉ አያቶች ብዙዎቻችን አሉን። ኬክና ሻማው በከተማ የመጣ ነገር ነው። ሆኖም መጥቷል፤ ልጆቻችን በትምህርት ቤትም በጎረቤትም ያዩታል፤ ይጠብቁታልም። አንድ ልጅ በዓመት አንድ ቀን “ይህ የእኔ ቀን ነው” ቢል ምንም ክፋት የለበትም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላሳስብ። ለልደቱ ፊኛ ከመግዛታችሁ በፊት ልጁ የልደት ምስክር ወረቀት አለው ወይ? በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው። ጊዜው ያለፈባችሁም ብትሆኑ ወደ ወረዳው የሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የክትባት ካርዱንም በዚያው አውጥታችሁ እዩት። የኩፍኝ ክትባት በ9ኛው ወር ተሰጥቶ ሁለተኛው በ15ኛው ወር ይሰጣልና፣ አንደኛ ዓመቱ የሚከበርለት ልጅ ገና አንድ ክትባት ይቀረዋል ማለት ነው። ብዙ እናት “ዓመት ሞላው፤ ክትባቱን ጨረሰ” ብላ ትቀራለች።

ቀኑን ስናነሣ፣ ጳጉሜን 6 የተወለደ ልጅ ያላችሁ አትጨነቁ። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ላይ ነው። በሌላው ዓመት ጳጉሜን 5 ወይም በዕንቁጣጣሽ ዕለት ብታደርጉለት ማንም አይከሳችሁም። እንዲያውም ዕንቁጣጣሽ ይሻላል፤ ቤቱ ተጠርጓል፤ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፤ እንግዳውም በራሱ ጊዜ ይመጣል። ይህን ዘዴ ለሌላውም ልደት መጠቀም ይቻላል። ልደቱ ከበዓል ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ከበዓሉ ማግሥት አድርጉት፤ ዳቦውም ቡናውም አንድ ጊዜ ይደረጋል።

አሁን ወደ ዝግጅቱ ልግባ። መጀመሪያ ገንዘቡን ለዩ። ወደ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት፣ ከኪራይ፣ ከዕድርና ከዕቁብ የተረፈውን ቆጥራችሁ “ይህን ያህል ነው የማወጣው” በሉና በመሐረብ ቋጥሩት። መርካቶ ውስጥ ኖራችሁ ይህን እኔ አልነግራችሁም፤ ያልተወሰነ ገንዘብ ይዞ የወረደ ሰው የሚመለሰው ያላሰበውን ዕቃ ይዞ ነው። ዋጋ አልጠራላችሁም፤ የእኛ ሰፈር ዋጋ የጠዋቱና የማታው አንድ አይደለም።

ከዚያ የሚጠሩትን ቁጠሩ። ብዙ ልጅ ያሳደጉ ሰዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ልክ አለ፤ የልጁን ዕድሜ ወስዳችሁ አንድ ጨምሩበት። ሦስት ዓመት ለሚሞላው አራት ልጆች፣ ለአምስት ዓመቱ ስድስት ልጆች። “በእኛ ግቢ አሥራ አምስት ልጅ እያለ አራቱን ብቻ ልጥራ?” ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ይህ ልክ ለአጥር ቤት እንጂ ለእኛ ግቢ አይሠራም። የግቢ ልጅ ተመርጦ አይጠራም። እንግዲያው የሚቀነሰው ከትልልቁ ሰው ነው። የሥራ ባልደረባ፣ የዕድር ሰው፣ የሩቅ ዘመድ ለክርስትናው ወይም ለአቂቃው መጥቷል፤ ለልደቱ አይጠራ። የልጆች በዓል ከሆነ ለልጆች ይሁን፤ ልጆቹን የሚጠብቁ ሁለት ሦስት እናቶች ይበቃሉ። ሰዓቱም አጭር ይሁን፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት። ሕፃናቱ ከሰዓት በኋላ እንቅልፋቸውን ተኝተው ይነሣሉ፤ ምሳም እራትም የሚጠብቅ እንግዳ አይኖርም።

ስለ ምግቡ ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘቡ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። እኔ የምመክራችሁ ድፎ ዳቦ ነው። ሁለት ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨው፣ ጥቂት ስኳርና ጥቁር አዝሙድ፣ ለብ ያለ ውኃ፤ ይኸው ነው። ከዋዜማው ተቦክቶ፣ በኮባ ተጠቅልሎ ከተጋገረ ከሃያ ቁራሽ በላይ ይወጣዋል። ምጣድ የሌላችሁ ዱቄቱን አቡክታችሁ ምጣድ ላላት ጎረቤት ውሰዱ፤ መብራትም ሊጠፋ ስለሚችል ለልደቱ ዕለት አታሳድሩት። ሻማውን ዳቦው ላይ ብትተክሉት ልጁ ቅር አይለውም። ኬክ ያማረው ልጅ ካለ አንዲት ትንሽ ኬክ ለእሱና ለሻማው ትገዛለች፤ እንግዳው ዳቦ ይበላል። ዳቦ ስንቆርስ ደግሞ የራሳችን የሆነ ወግ አለን፤ የግቢውን ታላቅ አባት ወይም እናት ጠርቶ ማስመረቅ። ያ ምርቃት በገንዘብ አይገዛም፤ ልጁም “ለእኔ ነው የመረቁት” እያለ ሲያወራ ይሰነብታል።

ድፎ ዳቦን የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። መርካቶ ውስጥ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ በር ጎን ለጎን ነው፤ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ እንኳ ጎረቤት ናቸው። ሥጋ ካቀረባችሁ ግማሹ ልጅ አይበላም፤ ወይም ሁለት ድስት ትጥዳላችሁ። ወተትና እንቁላል ያልገባበት ዳቦ ግን ረቡዕም ዓርብም በዐቢይ ጾምም ለሁሉም ይሆናል። በረመዳን ከሆነ ሕፃናቱ ባይጾሙም እናቶቻቸው ይጾማሉና፣ ቡናውን ከማፍጠሪያ በኋላ አድርጉት ወይም ለሌላ ጊዜ ይቆይ። በእምነታቸው ምክንያት ልደት የማያከብሩ ጎረቤቶችም ይኖሯችኋል። ልጃቸው ካልመጣ አትቀየሙ፤ ቁራሹን በማግሥቱ እንደማንኛውም የጎረቤት ዳቦ ላኩላቸው።

ከዳቦው ጋር ፈንዲሻ ይበቃል። አንድ ኪሎ የፈንዲሻ በቆሎ ሲፈነዳ ሰፌዱን ሞልቶ ይተርፋል፤ ከዚህ የረከሰ ድግስ አላውቅም። ለመጠጥ አፍልታችሁ ያቀዘቀዛችሁት ውኃ ላይ ሎሚ ጨምቃችሁ ስኳር ጣል ብታደርጉበት ለስላሳውን ይተካል። ብርዝም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን በምንም መልኩ አይሰጥም፤ ብርቱ ሕመም ሊያመጣበት ይችላል። በራፉ ላይ አንድ ጆግ ውኃና ሳሙና አስቀምጡ፤ ልጆቹ ሲገቡ ይታጠቡ። ብዙ ቤተሰብ በሚጋራው መጸዳጃ ቤት ይህን ሳያደርጉ ዳቦ ማስጨበጥ ተቅማጥን በሰፌድ ማደል ነው።

አሁን የምነግራችሁ ግን በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ፈንዲሻ፣ ቆሎ፣ ለውዝና ጠንካራ ከረሜላ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ጉሮሮው ጠባብ ነው፤ የኋላ ጥርሱም ገና ስለሆነ አድቅቆ አይውጥም፤ እየሮጠና እየሳቀ ሲበላ ደግሞ ወደ አየር ቧንቧው ሊገባ ይችላል። ለእነሱ የዳቦውን ፍርፋሪ፣ ሙዝ፣ የበሰለ ድንች ስጧቸው። የፈነዳ ፊኛም እንደዚሁ ነው። ቁራጩ ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ ትንፋሽ ይዘጋል፤ ስለዚህ እንደ ፈነዳ ወዲያው ለቅማችሁ ጣሉት፤ ከስምንት ዓመት በታች ያሉ ልጆችም ፊኛ ራሳቸው አይንፉ። በጋዝ የተነፋ ፊኛ ከሻማ አጠገብ አታስጠጉ፤ አንዳንዱ ጋዝ ተቀጣጣይ ነው።

ልጅ ትን ቢለው ምን ታደርጋላችሁ? በኃይል የሚያስል ከሆነ ይሳል፤ አትንኩት። ማሳልም ማልቀስም ካቃተው ግን ወደ ፊት ደፋ አድርጋችሁ በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል በመዳፋችሁ አምስት ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት። የማይታይ ነገር ለማውጣት ጣታችሁን ጉሮሮው ውስጥ አትስደዱ፤ ይበልጥ ይገፋዋል። ሌላ ሰው እርዳታ ይጥራ። የቀረውን፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን የሚደረገውንም ጭምር፣ እዚሁ ያሉት ነርሶች በአሻንጉሊት ያሳዩአችኋል፤ ጠይቋቸው።

ሌላው ከሰል ነው። ልደት ያለ ቡና አይሆንም፤ ግን ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ አሥር ልጅ ታጭቆ፣ በሩ ለብርድ ተብሎ ተዘግቶ፣ ምድጃው መሐል ላይ ሲጤስ አይቻለሁ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ሽታም መልክም የለውም፤ ራስ ያሳምማል፤ ያስመልሳል፤ ይገድላልም። ቡናውን ደጅ አፍሉት። ማታ ደግሞ የተረፈውን ፍም “ቤቱ ይሙቅ” ብላችሁ ወደ መኝታችሁ አታስገቡ።

ስለ ጌጥ አጭር ልበል። እኛ የመርካቶ ሰዎች ከሌላው የምንበልጥበት አንድ ነገር ካለ ጅምላ መሆኑ ነው። መቶ ፊኛ ያለበትን እሽግ ሦስት እናቶች ገዝታችሁ ብትካፈሉት፣ በችርቻሮ አሥር የምትገዛዋ ሴት ካወጣችው ብዙም አትበልጡም። ሻማና ናፕኪንም በደርዘን እንዲሁ። በበዓል ዋዜማና ገበያው በሚደራበት ቅዳሜ አትውረዱ። አንድ ጊዜ የተሠራውን የወረቀት ሰንሰለት አትጣሉት፤ በእኛ ግቢ አንዱ ሰንሰለት ለስንት ልጅ ልደት እንደተሰቀለ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

የጨዋታ ዕቃ አትግዙ። ከአሮጌ ካልሲ የጨርቅ ኳስ ይሠራል፤ ከሽቦና ከጠርሙስ ክዳን መኪና ይሠራል፤ ምናለሽ ተራ የሚጣል ነገር እንደሌለ ልጆቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። ለትንንሾቹ “ማሃረቤን ያያችሁ” ክብ ሠርቶ መጫወት ይበቃል፤ ለትልልቆቹ ሰኞ ማክሰኞ በጠመኔ ይሠመርላቸው። ድብብቆሽን ግን በእኛ ሰፈር አልመክርም፤ መደበቂያ ፍለጋ ከግቢ የወጣ ልጅ ጭነት መኪናና ጋሪ መካከል ይገኛል። ሲደክማቸው ተረት ይነገራቸው። የእኛ ዘመን ልጆች አባባ ተስፋዬን ለማየት ቴሌቪዥን ያለበት ቤት መሬት ላይ ተደርድረን እንቀመጥ ነበር። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በ2009 ዓ.ም አርፈዋል፤ ተረት የሚያውቁ አያት ግን በየግቢው አሉ። ጥሯቸው፤ ደስ ይላቸዋል።

አሁን ከሁሉ የከበደኝን ልንገራችሁ። ግቢያችን ውስጥ ጉሊት የምትቸረችር እናት ነበረች፤ አንድ ወንድ ልጅ አላት፤ ማሙሽ እንበለው። ልደት በተደረገ ቁጥር ማሙሽ አይገኝም። እናቱ “አክስቱ ጋ ልኬዋለሁ” ትላለች። የሁለተኛ ልጄ ሦስተኛ ዓመት ዕለት ውኃ ልቀዳ ወጥቼ በራቸውን ሳልፍ የልጅ ድምፅ ሰማሁ። አንኳኳሁ። ማሙሽ ነው፤ ብቻውን ተቀምጧል።

“ምነው ማሙሽዬ፣ አትመጣም?”

“እማዬ ስጦታ የለንም አለች” አለኝ።

ማታ እናቱን ቡና ጠራኋት። “የማሙሽ እናት፣ እኔ ስጦታ ጠየቅሁሽ ወይ?” አልኳት። “እርስዎ ባይጠይቁኝም ሰው ሁሉ ይዞ ሲገባ ልጄ እጁን አጣጥፎ እንዲገባ አልፈልግም” አለች። ምን ልበላት? እውነቷን ነው። የመጀመሪያዋን ልጄን ልደት ባለሦስት ፎቅ ያደረግሁት እኮ እኔም ያንኑ ፈርቼ ነው። እኔ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ያወጣሁት ገንዘብ፣ እሷን ደግሞ ሰው ምን ይለኛል ብላ ልጇን እንድትቆልፍበት አድርጓታል።

ከዚያ ወዲህ በግቢያችን ስጦታ ቀርቷል። መቅረቱንም ልጆቹን በምንጠራበት ጊዜ አስቀድመን በግልጽ እንናገራለን፤ “ባዶ እጃችሁን ኑ፤ ስጦታ አንቀበልም” እንላለን። ዝም ከተባለ ሁለቱ ይዘው ይመጣሉ፤ ሌላው ይሸማቀቃል። በጣም መስጠት የፈለገ ልጅ ሥዕል ሥሎ ያመጣል።

ሌላም ነገር ጀመርን። በታኅሣሥና በጥር የተወለዱ ሦስት ልጆች ነበሩ፤ አንዱ ማሙሽ ነው። ለሦስቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ድፎ ዳቦ ልደት አደረግን፤ አንዷ ዱቄቱን፣ አንዷ ፈንዲሻውን አወጣች፤ የማሙሽ እናት ሎሚውንና ቡናውን አመጣች። ሁሉ አማረ እንዳልላችሁ፣ ሻማው ላይ ጠብ ተነሣ። የእኔው ልጅ “የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ የማጠፋው” ብሎ መሬት ላይ ተንከባለለ። ወጪን መጋራት ለእናቶች ቀላል ነው፤ ሻማ መጋራት ግን ለሦስት ዓመት ልጅ ከባድ ነው። በሁለተኛው ዓመት ዘዴ አገኘንለት፤ ሻማውን ሦስት ጊዜ አበራነው፤ ሦስት ጊዜ ዘመርን፤ እያንዳንዱም በየተራው ስሙ ተጠርቶ አጠፋ። ክብሪት እንጂ ሌላ ወጪ አልጨመረብንም።

የዚያን ዓመት ማታ፣ ልጆቹ ሲበተኑ፣ ሦስቱንም በግቢው የጋራ በር መቃን ላይ አቁመን ቁመታቸውን በእርሳስ አሠመርን፤ ከጎኑም ስማቸውንና ቀኑን ጻፍን። አሁን በየዓመቱ መጀመሪያ የሚጠይቁት ኬኩን ሳይሆን መቃኑን ነው። ማሙሽ ከእኔ ልጅ በሁለት ጣት ይበልጣል፤ የእኔው ይህን እስከ ዛሬ አልተቀበለውም፤ “ጫማ አድርጎ ነው” ይላል።

ሲስተር ብቅ ብላለች፤ ተራው የደረሰ ይግባ። የድፎ ዳቦውን አቦካክ የምትፈልጉ እኔ እዚሁ ነኝ።